ዘገምተኛው ሉፕ ወይስ ፈጣኑ? በጠረጴዛ ቴኒስ ምቱን የመምረጥ መመሪያ

ተጋጣሚያችሁ ኳሷን ከሥር ቆርጦ ረዘም አድርጎ ላካት። ወደ ፎርሃንዳችሁ፣ ማለትም ራኬቱን ወደያዛችሁበት ጎን፣ እየመጣች ነው። በዚህች ቅጽበት ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው ኳሷን ከታች ወደ ላይ ፋቅ አድርጎ፣ ቀስ ብላ ግን በከባድ ስፒን (ሽክርክሪት) እንድትሄድ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ወደ ፊት ገፍቶ በፍጥነት መልቀቅ ነው። ሁለቱም ቶፕስፒን ናቸው፤ ሁለቱም ሉፕ ይባላሉ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ብዙ ተጫዋች የሚመርጠው በስሜት ነው። እየመራ ከሆነ ሙሉ ኃይሉን ይለቃል፤ ሲጨንቀው ደግሞ ያነሣል። ዘገምተኛውን ሉፕ የፈሪ ምት አድርጎ የሚያይም አለ። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። በሠፈርና በክለብ ደረጃ ብዙ ነጥብ የሚበላሸው ዘገምተኛ ሉፕ በሚያስፈልግበት ቦታ ፈጣኑን በመሞከር ነው። ምቱን የምትመርጥላችሁ የመጣችው ኳስ ናት። ከእሷ ጋር እግራችሁ፣ ቀጥሎ ተጋጣሚያችሁ ይገባሉ። ከታች ያለው ለቀኝ እጅ ተጫዋች የተጻፈ ነው፤ ግራኞች ጎኑን ገልብጣችሁ አንብቡት።

ሁለቱን ምቶች መለየት

ቶፕስፒን ኳሷ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ወደ ፊት እየተንከባለለች የምትበርበት ሽክርክሪት ነው። እንዲህ ስትሽከረከር አየሩ ወደ ታች ይጫናታል። ስለዚህ ከመረቡ በላይ ከፍ ብላ ብታልፍም ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ላይ ታርፋለች። ስትነጥር ደግሞ ወደ ፊት ትፈተለካለች። ጠረጴዛው ርዝመቱ 2.74 ሜትር ብቻ ነው። መረቡ 15.25 ሴንቲ ሜትር ቆሞ መሃል ላይ ይጠብቃችኋል። ከመረቡ ጫፍ በታች የወረደችን ኳስ ያለ ቶፕስፒን በኃይል መትቶ እዚያ ውስጥ ማሳረፍ የማይቻል ያህል ነው።

ጉልበታችሁ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ወደ ስፒን እና ወደ ፍጥነት። ዘገምተኛው ሉፕ ላይ አብዛኛው ጉልበት ወደ ስፒን ይሄዳል። ላስቲኩ ኳሷን ላይ ላዩን ፋቅ ያደርጋታል፣ ከላስቲኩ ሥር ያለው ስፖንጅ ብዙም አይጨመቅም። ፈጣኑ ላይ ኳሷ ወደ ስፖንጁ ጠልቃ ትገባለች፣ ከእንጨቱም ትንሽ ድምፅ ይሰማል። በጆሮ ብቻ ልትለዩአቸው ትችላላችሁ።

ምቱ የወጣው በ1960 አካባቢ ከጃፓን ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ የወጣው ደግሞ ዘገምተኛው ነው። ያኔ ብሎክ የሚያደርግ፣ ማለትም ራኬቱን አቁሞ ኳሷን የሚመልስ፣ ሰው ራኬቱን ሲያስነካው ኳሷ ወደ ሰማይ ትወጣበት ነበር። ቻይናዎች በ1961 ቤጂንግ ላይ ለሚደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሲዘጋጁ፣ ከቡድናቸው መሃል ይህን ምት እንዲኮርጁ ሰዎች መድበው ተለማመዱበት። በወንዶች ቡድን ፍጻሜ ጃፓንን አሸነፉ። በፎርሃንድም በባክሃንድም (በተቃራኒው ጎን) የሚመታው ኃይለኛ ሉፕ በ1970ዎቹ በአውሮፓ ጎልቶ ወጣ። ዮኒየር፣ ክላምፓር እና ጌርጌይ ያሉበት የሃንጋሪ ቡድን በ1979 ፒዮንግያንግ ላይ ቻይናን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚህ አጨዋወት ነው።

ከዚያ ወዲህ ኳሷ ራሷ ተቀይራለች። በ2000 ዲያሜትሯ ከ38 ወደ 40 ሚሊ ሜትር አደገ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ሴሉሎይዱ በሌላ ፕላስቲክ ተተካ። በሁለቱም ለውጥ ስፒኑ ቀንሷል። በዚህ ምክንያት የዛሬ ዘገምተኛ ሉፕ በደንብ ካልተፋቀ ለተጋጣሚ የተመቸ ኳስ ይሆናል። ይህን ልብ በሉ፤ ዘገምተኛ ማለት ለስላሳ ማለት አይደለም። እጃችሁ በጣም መፍጠን አለበት። የምትዘገየው ኳሷ ናት።

ደረጃ 1፦ ራኬቱን ፈትሹ

አውራ ጣታችሁን ላስቲኩ ላይ ጫን አድርጋችሁ ሳቡ። ቆዳችሁን ያዝ ማድረግ አለበት። ዝም ብሎ ካንሸራተተ አቧራ ይዞታል ወይም አርጅቷል። በትንሹ በረጠበ ስፖንጅ ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ እንደገና ሞክሩ። አሁንም ካልያዘ ዘገምተኛ ሉፕ በዚህ ራኬት አትለማመዱ። ኳሷ እየተንሸራተተች መረብ ውስጥ ስትገባ ጥፋቱ የእጃችሁ ይመስላችኋል፣ ያልሆነ ነገርም ታስተካክላላችሁ።

እንደ ሃሪኬን 3 ያለ የሚያጣብቅ የቻይና ላስቲክ ለመፋቅ ይመቻል፤ ፍጥነት ስትፈልጉ ግን ጉልበቱን ራሳችሁ ማምጣት አለባችሁ። እንደ ቴነርጂ 05 ያለ የጃፓን ላስቲክ ኳሷን ራሱ ይወረውራታል፤ በእሱ ፋቅ ለማድረግ እጅ መልመድ ይፈልጋል። ለጀማሪ የላስቲኩ ስም ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ንጹሕና የሚይዝ ይሁን እንጂ።

ደረጃ 2፦ ዘገምተኛውን ሉፕ ሥሩ

እግራችሁን ከትከሻችሁ ስፋት ትንሽ አስፍታችሁ ቁሙ። ቀኝ እግር ጥቂት ወደ ኋላ ይሁን። ጉልበት ይታጠፍ። ኳሷ ስትመጣ ክብደታችሁን ቀኝ እግር ላይ ጣሉ፤ ቀኝ ትከሻችሁም ዝቅ ይበል። ራኬቱ እስከ ጉልበታችሁ አካባቢ ይውረድ። ክንዳችሁ የተለቀቀ ይሁን፤ መያዣውን አጥብቃችሁ አትጨብጡ።

አሁን ታገሡ። ትልቁ ምሥጢር እዚህ ነው። ኳሷ ነጥራ ጫፍ ላይ ትደርሳለች፣ ከዚያ መውረድ ትጀምራለች። የምትነኳት መውረድ ስትጀምር ነው። ራኬቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ፊት በጥቂቱ ብቻ ያጎነብስ። ከቀኝ እግራችሁ ተነሡ፣ ወገባችሁ ይዙር፣ ከዚያ ክንዳችሁ በፍጥነት ይታጠፍ፣ መጨረሻ ላይ የእጅ አንጓ ትንሽ ይጨምርበት። ኳሷን ከኋላዋ ወደ ላይ ፋቅ አድርጓት። ራኬቱ ግንባራችሁ ፊት ሲደርስ ይቁም።

ኳሷ ከመረቡ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብላ ብታልፍ ጥሩ ነው። የምትወድቅበት ቦታ ደግሞ ወሳኝ ነው። መሃል ጠረጴዛ ላይ የምትወድቅ ዘገምተኛ ኳስ ለስማሽ፣ ማለትም በሙሉ ኃይል ለሚመታ ምት፣ ግብዣ ናት። በጥልቀት፣ ከጫፉ አንድ ሁለት ስንዝር ውስጥ ብትወድቅ ተጋጣሚያችሁ ወደ ኋላ ይገፋል።

ስትሳሳቱ ኳሷ ራሷ ትነግራችኋለች። መረብ ውስጥ ከገባች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ገፍታችኋታል፣ ወይም እግራችሁ ሳይነሣ በእጅ ብቻ ሠርታችኋል። ረዝማ ከወጣች ራኬቱ ወደ ኋላ ተኝቷል፣ ወይም ከመፋቅ ይልቅ በደንብ መትታችኋታል። ጠረጴዛው ላይ ዐርፋ ግን ስትነጥር ካልፈጠነች ስፒኑ ትንሽ ነው፤ እጃችሁ ኳሷን በሚነካበት ሰዓት ቀስ ብሏል ማለት ነው። ብዙ ሰው ከፍ አድርጎ ለማንሣት ሲል ሰውነቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ያኔ ጉልበቱ ሁሉ ከጀርባ ጋር አብሮ ይሄዳል። ደረታችሁ ከጉልበታችሁ በላይ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ፈጣኑን ሉፕ ሥሩ

አቋቋሙ ያው ነው። ልዩነቱ ራኬቱ እምብዛም አይወርድም፤ ዳሌ አካባቢ ይበቃዋል። ራኬቱ ይበልጥ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ኳሷን የምትነኳት ጫፍ ላይ ሳለች ወይም ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ነው። ወገባችሁ ወደ ፊት ይዙር፣ ክብደታችሁ ከቀኝ ወደ ግራ እግር ይተላለፍ፣ ክንዳችሁ ወደ ፊት ይሂድ። ኳሷ ከመረቡ በላይ አራት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብላ ትለፍ። ራኬቱ ፊታችሁን አልፎ ወደ ግራ ትከሻ አቅጣጫ ይጨርስ።

ከመታችሁ በኋላ ወዲያው ተመለሱ። ፈጣን ኳስ ብሎክ ከተደረገች ፈጥና ትመለሳለች። ተጋጣሚን ጊዜ የከለከላችሁትን ያህል ራሳችሁንም ጊዜ ትከለክላላችሁ። ዘገምተኛው በአንጻሩ ለናንተም ጊዜ ይሰጣል፤ ኳሷ መንገድ ላይ እያለች ቦታችሁን ትይዛላችሁ። ይህ ልዩነት ከምቱ ጉልበት ባልተናነሰ ምርጫችሁን መወሰን አለበት። ሁለተኛውን ኳስ መምታት የማትችሉበት ቦታ ላይ ሆናችሁ ፈጣኑን አትልቀቁ፣ ነጥቡ እዚያው ያልቃል ብላችሁ እርግጠኛ ካልሆናችሁ በቀር።

ደረጃ 4፦ የመጣችውን ኳስ አንብቡ

ዓይናችሁ መጀመሪያ ተጋጣሚው ራኬት ላይ ይሁን። ራኬቱ ኳሷን ሲነካ ወደ ታች ከሄደ ባክስፒን፣ ማለትም ወደ ኋላ የሚዞር ሽክርክሪት፣ አለ። ወደ ላይ ከሄደ ቶፕስፒን ነው። የእጅ አንጓው በፍጥነት ከሠራ ስፒኑ ከባድ ነው። ኳሷን በራኬቱ ጫፍ በኩል ከነካት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ጫፉ ከመያዣው አካባቢ ይልቅ ይፈጥናልና። ወደ ታች የሄደ መስሎ ኳሷን መያዣው አጠገብ ዝም ብሎ ገፋ ካደረጋት ግን ባዶ፣ ማለትም ስፒን የሌላት፣ ኳስ ናት። ጎበዝ ሰርቭ (የመክፈቻ ምት) የሚያደርጉ ሰዎች የሚያታልሉን በዚህ ነው።

ቀጥሎ አየር ላይ እዩአት። ከባድ ባክስፒን ያላት ኳስ አየር ላይ ተንሳፋ ትመጣለች፤ ስትነጥርም ወደ ፊት ብዙ አትገፋም። ባዶዋ ቀጥ ብላ ትመጣለች። ኳሷ ላይ ያለውን የፋብሪካ ምልክት ማየት ከቻላችሁ ስፒኗ ትንሽ ነው። ምልክቱ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ከሆነች ተጠንቀቁ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር እዚህ አለ። ባክስፒን ይዛ የመጣች ኳስ የምትሽከረከርበት አቅጣጫና እናንተ ቶፕስፒን አድርጋችሁ ስትመልሷት የምትሽከረከርበት አቅጣጫ አንድ ነው። የምትዞረው ባለችበት ነው፤ የተቀየረው የምትሄድበት መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ተጋጣሚያችሁ አጥብቆ በቆረጠ ቁጥር ለዘገምተኛው ሉፕ የተዘጋጀ ስፒን ይሰጣችኋል። እናንተ ላዩ ላይ ትጨምሩበታላችሁ። ከቶፕስፒን ጋር ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያ የእሱን ሽክርክሪት አስቁማችሁ ከዚያ ወደ ሌላው አቅጣጫ ማዞር ይኖርባችኋል። በብሎክ ወይም በቶፕስፒን በመጣች ኳስ ላይ ዘገምተኛ ሉፕ መሥራት የሚከብደው ለዚህ ነው። እዚያ ኳሷ ራሷ ፍጥነት ይዛ ስለመጣች ራኬቱን አጎንብሶ ወደ ፊት መሄድ ይቀላል።

ደረጃ 5፦ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ

እግሬ ደርሷል ወይ? ኳሷን የምነካት ከመረቡ ጫፍ በላይ ነው በታች? ባክስፒኗ ምን ያህል ነው? ሦስቱን በልባችሁ ለመጠየቅ ጊዜ የለም። በልምምድ ላይ ጮክ ብላችሁ ስትመልሷቸው ግን በጨዋታ ላይ ሰውነታችሁ ይመልሳቸዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሌሎቹን ይሽራል። እግራችሁ ካልደረሰ ዘገምተኛውን ሥሩ። ኳሷ ከፍ ብትልም፣ ባዶ ብትሆንም ያው ነው። ተንጠራርቶ በፍጥነት የሚመታ ሰው አንዱ ገብቶለት ሦስቱ ይወጣበታል። ተንጠራርቶ ፋቅ የሚያደርግ ግን ኳሷን ጨዋታ ውስጥ ያቆያታል።

እግራችሁ ደርሶ ኳሷ ከመረቡ በላይ ከሆነች፣ ባክስፒኗም ቀላል ወይም ባዶ ከሆነች ፈጣኑን ልቀቁ። እዚህ ላይ ዘገምተኛ መሥራት ዕድል ማባከን ነው። ኳሷ ከመረቡ በታች ወርዳ ባክስፒኗም ከከበደ ደግሞ ያለ ጥርጥር ዘገምተኛው ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ነው አስቸጋሪው። ለምሳሌ ኳሷ ከፍ ብላለች፣ ባክስፒኗ ግን ከባድ ነው። በደንብ የሠለጠነ ሰው ይህችን ጫፍ ላይ ይዞ በፈጣን ሉፕ ይገድላታል። የእናንተ እጅ ገና ከሆነ መሃለኛውን ምረጡ፤ ፋቁ፣ ግን ጫፍ ላይ ነክታችሁ ትንሽ ወደ ፊት አድርጉት። ኳሷ ዝቅ ብላ ባዶ ከሆነችም ፋቁ፤ ራኬቱን ግን ከወትሮው ይበልጥ አጎንብሱት። ለከባድ ባክስፒን የምታደርጉትን ማንሣት ባዶ ኳስ ላይ ካደረጋችሁት ረዝማ ትወጣለች።

አንድ ኳስ ለብቻው ልጥቀስ። ሁለተኛ ነጥራ ልትወድቅ ስትል ከጠረጴዛው ጫፍ ትንሽ ብቻ ብቅ የምትል ሰርቭ አለች። ጠረጴዛው ስለሚከለክላችሁ ራኬቱን ማውረድ አትችሉም። ብዙ ሰው ትቶ ይገፋታል። አትግፏት። ራኬቱን ከጠረጴዛው ከፍታ ጋር አስተካክሉ፣ እንቅስቃሴውን አሳጥሩ፣ በክንድና በአንጓ ብቻ ፋቅ አድርጋችሁ አስገቧት። ፍጥነት አትፈልጉባት። ቀድሞ ማጥቃት ብቻውን ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ማን ፊት እንደቆማችሁ አስቡ

ጠረጴዛው ሥር ተጠግቶ ብሎክ የሚያደርግ ተጋጣሚ ፍጥነት ይወዳል። ፈጣን ኳስ በላካችሁለት ቁጥር ራኬቱን ብቻ አስቀምጦ በናንተው ጉልበት ይመልስላችኋል። ለዚህ ሰው ዘገምተኛው መርዝ ነው። ኳሷ ዘግይታ ስለምትደርስ ቀድሞ ይገፋል፤ ስፒኗ ደግሞ ከራኬቱ ላይ ሽቅብ ያወጣታል። ወይ ከጠረጴዛ ውጪ ትወጣበታለች፣ ወይ ከፍ ብላ ትመለስላችኋለች። ያቺን ከፍ ያለች ኳስ በፈጣኑ ጨርሷት። ጥንዱ ምት ይህ ነው፤ ቀስ፣ ከዚያ ፈጣን። እኔ ለአንድ ጀማሪ አንድ ነገር ብቻ አስተምር ብባል ይህን ነው የማስተምረው።

ዘገምተኛ ኳስን ቀድሞ በቶፕስፒን የሚመልስ ተጋጣሚም አለ። እሱ ራኬቱን አጎንብሶ ኳሷ ነጥራ ሳትወጣ ያጠቃችኋል። ለእሱ ከፍ ብላ አጭር የምትወድቅ ሉፕ አትስጡት። ወይ በጣም ጥልቅ ወደ ክርኑ ላኩ፣ ወይ ፈጣኑን አብዙ። ክርን የምለው ፎርሃንድ ልጠቀም ባክሃንድ ብሎ የሚያመነታበትን ቦታ ነው። ዘገምተኛ ሉፕ ወደዚያ ስትሄድ ለማመንታት ጊዜ ስለሚያገኝ ይበልጥ ይቸገራል፤ እግሩን ያንቀሳቅሳል፣ ሰውነቱ ይዘጋበታል።

ርቆ ቆሞ ቾፕ የሚያደርግ (ኳሷን ከሥር እየቆረጠ የሚመልስ) ሰው ፊት ሁለቱንም ማቀያየር ግድ ነው። በተለይ ረጃጅም እሾህ ያለው ላስቲክ ከያዘ የላካችሁት ስፒን በሌላ መልክ ይመለስላችኋል። በከባድ ቶፕስፒን ላካችሁ፣ በከባድ ባክስፒን ትመጣላችኋለች። በቀላል ስፒን ላካችሁ፣ ቀለል ብላ ትመጣለች። ስለዚህ የሚቀጥለውን ኳስ ዛሬ ራሳችሁ እያዘጋጃችሁ ነው። ሁለት ዘገምተኛ ከባድ ሉፕ ከላካችሁ በኋላ አንድ በተመሳሳይ እንቅስቃሴ ስፒኗ ቀላል የሆነች ላኩ። የምትመለሰው ከፍ ትላለች፤ እሷን ፍጠኑባት። በ2003 ፓሪስ ላይ የተደረገውን የዓለም ሻምፒዮና የወንዶች ፍጻሜ ፈልጋችሁ ተመልከቱ። ኦስትሪያዊው ቬርነር ሽላገር ኮሪያዊውን ተከላካይ ጁ ሴ ሂዩክን 4 ለ 2 አሸንፏል። አንድ ዓይነት ምት ደጋግሞ በተከላካይ ላይ ማሸነፍ እንደማይቻል በደንብ ይታያል። ስፒንን ማለዋወጥ ለመማር ደግሞ የጀርመኑን ቲሞ ቦልን ተመልከቱ። እጁን ሳይሆን ኳሷ ከነጠረች በኋላ የምትሆነውን እዩ።

ከሁሉም በላይ ሁለቱ ምቶች አጀማመራቸው ይመሳሰል። ራኬታችሁ ገና ሲወርድ ተጋጣሚው ምርጫችሁን ካወቀ ግማሽ ጥቅሙ ጠፋ። ትከሻችሁና ወገባችሁ በሁለቱም አንድ ዓይነት ይዙር። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ፣ ኳሷ አጠገብ ይታይ።

ደረጃ 7፦ የምትጫወቱበትን ቦታ አየር ቁጠሩ

ይህን የሚያነሣ አሠልጣኝ ብዙ የለም፤ ለኛ ግን ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እስከ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቶፕስፒን ያላትን ኳስ ወደ ታች የሚጫናት አየር ነው ብለናል። አየሩ ሲሳሳ ጫናው ይቀንሳል። ኳሷን የሚያዘገያትም አየር ነው፤ እሱም ይቀንሳል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ምት ረዘም ይላል፣ ጎንበስ የሚለውም ያነሰ ነው። ከጀርመን ወይም ከቻይና በተቀረጸ ቪዲዮ ተምራችሁ ልክ እንደዚያው ሠርታችሁ ኳሷ በአንድ መዳፍ እያለፈች የምትወጣ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ምርጫውንም ይነካል። ፈጣን ሉፕ ጠረጴዛ ላይ የሚወርደው በዋናነት በስፒኑ ጫና ነው። ዘገምተኛው ግን ጊዜ ስላለው በራሱ ክብደትም ይወርዳል። አየሩ በሳሳበት ቦታ ይበልጥ የሚጎዳው እንግዲህ ፈጣኑ ነው፤ በተለይ ከመረብ በታች የተነሣው። አዲስ አበባ ላይ ዝቅ ያለች ኳስ ስታገኙ ከወትሮው ይበልጥ ወደ ዘገምተኛው አዘንብሉ። ፈጣኑን ስትለቁ ደግሞ ራኬቱን ጥቂት ጨምራችሁ አጎንብሱ።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ወደ እነሱ ሲወረድ ለውጡ ይሰማል። አዲስ አበባ ተለማምዶ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ የሄደ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን ኳሷ መረብ ላይ እየወደቀች ያስቸግረዋል። እጁ አልተበላሸም። ከመረቡ በላይ ግማሽ ስንዝር ከፍ አድርጎ ያልም፤ ፈጣኑንም እንደ ልብ ይልቀቅ፤ እዚያ አየሩ ያግዘዋል።

ደጅ ላይ ለምትጫወቱ አንድ ነገር። ኳሷ 2.7 ግራም ናት። ነፋስ ካለ ዘገምተኛና ከፍ ያለች ኳስ ወዳሰበው ይወስዳታል። ያኔ ቅስቷን ዝቅ አድርጉ። የጠረጴዛው ቀለም አልቆ የሚያንሸራትት ከሆነም ስፒኑ ሲነጥር እምብዛም አይዝም፤ ዘገምተኛው ጥርሱን ያጣል፤ ቦታ መምረጥ ላይ አተኩሩ።

ደረጃ 8፦ ምርጫውን ተለማመዱ

ሁለቱን ምቶች ለየብቻ መቻልና በሰዓቱ መምረጥ መቻል የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ልምምዱም ሁለት ክፍል አለው።

መጀመሪያ ለየብቻ። ጓደኛችሁ ኳሶች በቅርጫት ይዞ አንድ በአንድ በባክስፒን ይላክላችሁ። ዐሥር ዘገምተኛ፣ ከዚያ ዐሥር ፈጣን። ስፒናችሁን ለመመዘን ጓደኛችሁ ራኬቱን ቀጥ አድርጎ ዝም ብሎ ያቁምላችሁ። ኳሷ ከራኬቱ ላይ ምን ያህል ሽቅብ እንደምትወጣ እዩ። ብዙ ከወጣች ፍቂያው ጥሩ ነው። ከዐሥሩ ስምንቱ ገብተው ጥልቅ እስኪወድቁ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ቀጥሎ ምርጫው። ጓደኛችሁ ሳይነግራችሁ አንዴ ከባድ፣ አንዴ ባዶ፣ አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ አድርጎ ይላክ። እናንተ ከመምታታችሁ በፊት «ቀስ» ወይም «ፈጣን» ብላችሁ ጩኹ። መጮኹ ያሳፍር ይሆናል፤ ግን ሳትወስኑ መምታታችሁን የሚያጋልጥ ሌላ መንገድ የለም። ኳሷ ገብታ ምርጫው ስሕተት ከሆነ እንደ ስሕተት ቁጠሩት። ኳሷ ወጥታ ምርጫው ትክክል ከሆነ እንደ ትክክል ቁጠሩት። እዚህ የምትለማመዱት ጭንቅላታችሁን ነው።

ብዙ ኳስ ከሌላችሁ አንዲት ኳስ ትበቃለች። አጭር ባክስፒን ሰርቭ አድርጉ። ጓደኛችሁ ረዥም አድርጎ ይግፋት። እናንተ በዘገምተኛው ክፈቱ። እሱ ብሎክ ያድርግ። እናንተ በፈጣኑ ጨርሱ። ይህንኑ ደጋግሙት። ሲለመድ ጓደኛችሁ ብሎኩን አንዳንዴ ወደማትጠብቁት ጎን ይላክ፤ እግራችሁ ካልደረሰ ሁለተኛውንም በዘገምተኛው መልሱ።

በመጨረሻ በጨዋታ ላይ ሞክሩት። እስከ 11 ስትጫወቱ አንድ ሕግ ጨምሩ፤ ከመረብ በታች የወረደችን ከባድ ባክስፒን በፈጣን ሉፕ የሞከረ ሰው፣ ኳሷ ብትገባም ነጥቡን ያጣል። ሕጉ ጨካኝ ነው፤ ግን እጅን ቶሎ ያስተካክላል። ሌላ ቀን ደግሞ ገልብጡት፤ ከፍ ያለችን ባዶ ኳስ በዘገምተኛ የመለሰ ነጥቡን ይጣ። የትኛው ሕግ ብዙ ነጥብ እንዳስከፈላችሁ መዝግቡ። በሚቀጥለው ልምምድ ከዚያኛው ጀምሩ።